አሥራ አምስት ሜትር ሰማያዊ ሳቲን

ኅዳር 8 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

የእኅቴ የዓለም የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ጥር 21፣ እሑድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። የእጮኛዋ የብርሃኑ ሽማግሌዎች ከሄዱ በኋላ እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሥራ አከፋፈለችን። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ትእዛዟ በዝቷል። ለእኔ የሦስቱ ሴት ሚዜዎች ቀሚስ ደረሰኝ። «አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፤ ሰው ታውቂያለሽ። ጨርቅ የሚገኝበትን ፈልጊ» አለችኝ። እኔ የማውቀው የጽሕፈት መኪናዬንና አለቃዬን ነው።

እኅቴ ዓለም ቀለሙ የኮክ ይሁንልኝ ትላለች። የሥራ ባልደረባዋ እልፍነሽ ወይን ጠጅ ካልሆነ አለች። የአክስታችን ልጅ ዘርፌ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ እጅጌው ይነፋልኝ ባይ ናት። ሦስተኛዋ ሎሚ ከገርጂ በእግሯ መጥታ ጥግ ይዛ ተቀምጣ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ወንድሟ ቶሌሳ ከብርሃኑ ሚዜዎች አንዱ ነው፤ በእሱ የምትኮራው ኩራት ግን ከፊቷ ይነበባል።

ዓለም ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ሠላሳ ሦስት። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም አላሰብኩትም።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

መርካቶ። ፒያሳ። እግሬ አብጧል። ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ደግሞ ካኪ፣ ለደንብ ልብስ የሚሆን አረንጓዴ። የኮክ ቀለም አለ ወይ ስለው አንዱ ባለሱቅ ሳቀብኝ፤ «እኅቴ፣ ፍሬውንስ መቼ አየነው?» አንዲት ሴትዮ ግራ ቀኙን አይታ ከመደርደሪያው ጀርባ ሮዝ ታፍታ አወጣችልኝ። ስድስት ሜትር ብቻ ነው።

ስመለስ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ልብስ ሰፊው አቶ ግርማይ ጋ ገባሁ። «ለአንዷ አምስት ሜትር፤ እጅጌው የሚነፋ ከሆነ» አሉኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «አሥራ አምስት ሜትር፣ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ። ከሁለት ጣቃ ካመጣሽልኝ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ይለያያል። ያንን እኔ አልሰፋም፣ ልጄ።»

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ሚካኤል

ብርሃኑ አንዱን ሚዜውን ይዞ መጣ። ላጲሶ ይባላል። እዚሁ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ አገሩ ከምባታ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ከየሱቁ የለመንኳቸውን ቁርጥራጭ ጨርቆች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ብርሃኑ ሳያያቸው አለፈ። ላጲሶ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና አንድ በአንድ እያነሳ ወደ መስኮቱ ያያቸው ጀመር።

«ውሃ ሰማያዊ ነው የሚሻለው» አለ። «ዝናብ ሲያባራ ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ የሚታየው ዓይነት። እልፍነሽ ቀይ ናት፣ ሎሚ ጠይም ናት፤ ለሁሉም የሚሆን እሱ ነው።»

ወንድ ልጅ ስለ ቀለም እንዲህ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ብርሃኑ «ዛሬ ልደቱ ስለሆነ ነው የሚቀባጥረው፤ ሃያ ዘጠኝ ሞላው» ብሎ አሾፈበት።

ሲሄዱ በር ላይ «ወይዘሪት አፀደ፣ ጨርቁን ሲያገኙ ያሳዩኝ» አለኝ። እርስዎ ነው የሚለኝ። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ዛሬም ባዶ እጄን። ሮዙም ተሸጧል። ዓለም አኮረፈች። ቀለሙ ሰማያዊ ነው ብያታለሁ። «ማን ወሰነ?» አለችኝ። ለሁሉም የሚሆን እሱ ነው አልኳት።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ተገኘ! የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ። ለሳሙና ተሰልፌ ቀና ስል ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሙሉ ጣቃ ሳቲን። ውሃ ሰማያዊ፤ ልክ እሱ ያለው ዓይነት። ሻጯ ግን «ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አይቆረጥም» አለችኝ።

ኅዳር 21፣ ረቡዕ

ከሥራ አስፈቅጄ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ቢተው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ግን እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል። ሠርግ መሆኑን ስነግረው ፊቱ ፈካ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ማመልከቻ አምጪ። ከዝርዝር ጋር።»

«የምን ዝርዝር?»

«የሙሽሮቹ፣ የሴት ሚዜዎች፣ የወንድ ሚዜዎች። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሚያድሩበት ቤት።»

«ጨርቁ እኮ ለሴቶቹ ነው። የወንዶቹ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሠርጉ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጨርቁን ወስደሽ ብትቸረችሪውስ?»

እውነቱን ነው። የሚቸረችሩ አሉ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጸሐፊው ለአብዮት ጥበቃው «የዚህ ወር ኮታ አሥራ ሁለት ይጎድለናል» ሲለው ሰማሁ። የስኳር ይሆናል። ስኳር ከጠፋ ሰንብቷል።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ፣ ቢሮ፣ የምሳ ሰዓት

ዝርዝሩን እየመታሁ ነው። የወንዶቹን ዕድሜ ለመጠየቅ ወደ ብርሃኑ ስልክ ደወልኩ። እሱ አውሮፕላን ማረፊያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለሥራው አስፈላጊ ነው የሚል ወረቀት በኪሱ ይዞ ይዞራል።

«ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለጨርቁ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «እሺ» ብሎ ነገረኝ። ቶሌሳ ሆርዶፋ ጉተማ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ገርጂ አባቱ ቤት ቢመዘገብም ሳምንቱን ማዞሪያው አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ያድራል። ሦስተኛው ሚዜ ኣምደሚካኤል፣ ሃያ አራት፣ በቅርቡ እኅቱ ቤት የገባ፣ ገና ያልተመዘገበ። የላጲሶን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሃያ ዘጠኝ።

አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። አለቃዬ ቢያየው ያመሰግነኝ ነበር። ፈረምኩበት።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

አሥራ አምስት ሜትር። ከአንድ ጣቃ።

እማዬ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችውና «ውሃ ነው እንዴ የዘረጋሽብኝ?» አለች። ዓለም አቅፋኝ አለቀሰች። ይህን ያህል ደስታ በዚህ ቤት ከአባባ ሞት ወዲህ አላየሁም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

አቶ ግርማይ ሱቅ የሴቶቹን ልክ አስወሰድኩ። ሎሚን አጠገቤ አቁሜ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ «አየሽ እንዴት እንደሚያምርብሽ» አልኳት፤ አፍራ አንገቷን ደፋች። ላጲሶ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጎራ አለ። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ያዘና «አገኘሽው!» አለኝ።

ዛሬ አንቺ አለኝ። ምላሱ ስቶ ይሆናል። እስከ ቤታችን መታጠፊያ ሸኘኝ። ያወራነው ስለ ጨርቅ ብቻ ነው። ስለ ጨርቅ ይህን ያህል የሚወራ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ትናንት ማለዳ ቶሌሳን ወሰዱት። ለብሔራዊ ውትድርና። ሎሚ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መጣች። የጋራዡ ዘበኛ እንደነገራት፣ አብዮት ጥበቃዎቹ ማንንም አልጠየቁም። በር ላይ ቆመው «ቶሌሳ ሆርዶፋ ጉተማ!» ብለው ተጣሩ። ልጁ ከመኪና ሥር እየወጣ «አቤት» አለ።

«ጋራዥ ውስጥ የአያቱን ስም ማን ያውቃል?» አለችኝ ሎሚ።

ስንት ሰው ያውቃል። አሠሪው ያውቃል። በየቦታው አፈሳ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ከታክሲ ወረፋ ላይ ሳይቀር ወስደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሎሚን ውሃ አጠጣኋት።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ

ኣምደሚካኤልን። ከእኅቱ ቤት። ሦስት በር አልፈው ቀጥታ የእሷን አንኳኩ። መመዝገቢያው ላይ የለም። ጎረቤት እንኳ እንግዳ መስሎት ነበር።

ብርሃኑ ማታ መጥቶ ነገረን። ዓለም ስታለቅስ እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔን አላየኝም። እኔም አላየሁትም።

ኮታው የስኳር አልነበረም።

ታኅሣሥ 13፣ ሐሙስ

ለላጲሶ ልነግረው ይገባል። ነገ።

ታኅሣሥ 14፣ አርብ

ደብዳቤ ጀመርኩ። «ውድ ላጲሶ፣ ሰሞኑን ክፍልህ እንዳታድር» ብዬ ጻፍኩ። ለምን ቢለኝስ? በምን አወቅሽ ቢለኝስ? ቀደድኩት። ቢሮ ስህተት ላይ ስህተት እመታለሁ፤ አለቃዬ ሁለት ጊዜ መለሰልኝ።

ታኅሣሥ 15፣ ቅዳሜ

ቤት ጽዳት ነበር። ጊዜ አላገኘሁም። ይህ ውሸት ነው። ጊዜ ነበረኝ።

ታኅሣሥ 17፣ ሰኞ

ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ በእረፍት ሰዓት አስጠራሁት። እጁ ጠመኔ እንደሆነ እየሮጠ ወጣ። ሲያየኝ የበራው ፊቱ እንደዚያ ባይሆን ኖሮ እነግረው ነበር። እነግረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ቀሚሶቹ አለቁ?» አለኝ።

«እየተሰፉ ነው። ላጲሶ፣ ሰሞኑን ሌላ ቦታ ብታድርስ?»

«ለምን?»

«አፈሳ ነው እኮ። ቶሌሳን፣ ኣምደሚካኤልን…»

«አስተማሪ አይነኩም። ደግሞ እኔን ቀበሌ አያውቀኝም፤ አከራዬ አላስመዘገበችኝም» ብሎ ሳቀ። «ለእኔ አሰብሽልኝ ማለት ነው?»

ያኔ ነበር መናገር። ያውቁሃል፤ ከነዕድሜህ፣ ከነበርህ ያውቁሃል፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ደወል ተደወለ። «በል ግባ፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል» አልኩት።

ሠላሳ ሁለት ብዬ ብመታው ማን ይጠይቀኝ ነበር? ሕጉ እስከ ሠላሳ ነው። ሁለት ቁጥር ነው። ጣቴ እንዲያ የፈጠነው ዕድሜውን በልቤ ይዤው ስለነበር ነው።

ታኅሣሥ 24፣ ሰኞ

አንድ ሳምንት አለፈ። ምንም የለም። ምናልባት አስተማሪ እውነትም አይነኩም። ምናልባት ኮታቸው ሞልቷል። እንዲህ ስል ራሴን ያዝኩት፤ ኮታው በሌላ ሰው ልጅ እንዲሞላ እየተመኘሁ ነው።

ታኅሣሥ 28፣ አርብ

ላጲሶን።

ታኅሣሥ 29፣ ቅዳሜ፣ ገና

እማዬ «ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋ?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኩ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል። አከራዩ እንደተናገረችው ልብሱን እንዲለብስ ጊዜ ሰጥተውታል። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት አስሮ «ለዳይሬክተሩ ስጪልኝ» ብሏት ሄደ። በዓል ነው፤ ከየቤቱ የዶሮ ሽታ ይመጣል።

ጥር 2፣ ማክሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ ቢተው ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ስህተት ሠርቻለሁ» አልኩት። «ማመልከቻው ላይ። የላጲሶ ዕድሜ ሠላሳ ሁለት ነው። ስመታ ተሳስቼ ነው። ላርመው።»

መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣና ወደ እኔ አዞረው። የእኔው የጽሕፈት መኪና ነው፤ «መ» ፊደሏ ትንሽ ታጋድላለች። ከታች ፊርማዬ።

«ያንቺ እጅ ነው?»

«ነው።»

«ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቻለሁ እያልሽኝ ነው? እሱ ራሱ ወንጀል ነው። እንድጽፈው ትፈልጊያለሽ?»

እየለመንኩት እንደሆነ ያወቅሁት እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳየው ነው፤ የወረቀቱን ጫፍ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ ከጣቴ ሳበው።

«ሙሽራውን አልነካነውም» አለኝ። «ሚዜ ይተካል። ሂጂ፣ እኅትሽን ዳሪ።»

ጥር 3፣ ረቡዕ

ልጆቹን ያጎሩበትን መጋዘን አገኘሁት፤ ወደ ገርጂ መውጫ ነው። ሽቦው ዙሪያ ሴቶች ተኮልኩለዋል፤ ዳቦ፣ ሹራብ፣ ጫማ ይዘዋል። ላጲሶ በሩቁ አየኝና ሰው እየገፋ መጣ። ጸጉሩን ላጭተውታል። ነጭ ሸሚዙ ቆሽሿል።

«እንዴት አገኘሽኝ?»

ዳቦውን በሽቦው ቀዳዳ እየቆረስኩ አሾለኩለት። ሙሉው አያልፍም። «ላጲሶ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት። እኔ…»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ሽቦውን ጨበጥኩ።

«አስጠንቅቀሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። በራስሽ እንዳታዝኚ።»

ጥበቃው በዱላ ሽቦውን መታ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ተገፋን። አልነገርኩትም። በእጄ የቀረውን ዳቦ አንዲት እናት «ለእኔ ልጅ ላቀብልለት?» ብላ ወሰደችው።

ጥር 5፣ አርብ

አውቶቡሶቹ ሄደዋል። ማሰልጠኛ ይላሉ፤ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። መጋዘኑ ተጠርጎ ተዘግቷል።

ጥር 10፣ ረቡዕ፣ ከተራ

ለዓለም ነገርኳት። ቬሎዋን እያየች ነበር። ሁሉንም፣ ከኮታው ጀምሮ። ጨርሼ ስጠብቅ፣ እንድትመታኝ ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ብርሃኑ የሚያውቅ ይመስለኛል።»

«ያውቃል» አለች። እንግዲህ ተነጋግረውበታል። «እትዬ፣ ለሎሚ እንዳትነግሪያት። ሠርጉ ይለፍ። እማዬ ይህን ቀን ብላ ነው በሕይወት ያለችው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ እኔ እዚህ ቤት የለሁም» አለች። ወዲያው ደግሞ በተናገረችው ደንግጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ታቦቱ ሲያልፍ እልልታው እስከ ጓሮ ይሰማል። አልወጣሁም።

ጥር 15፣ ሰኞ

የመጨረሻ ልክ። የሎሚ ቀሚስ ሰፋት፤ ከስታለች። አቶ ግርማይ ከወገቧ በሁለት ጣት አጠበቡት። መርፌዎቹን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ሎሚ መስታወቱ ውስጥ አየችኝና «እትዬ አፀደ እኮ ነች በዚህ ሁሉ የደከመችልን። ቶሌሳ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር» አለች።

እግዚአብሔር ይቅር አይበለኝ። «ያይሻል» አልኳት።

ጥር 22፣ ሰኞ

ትናንት አለፈ። ሦስቱ ሴቶች በሰማያዊ ቀሚስ ከዓለም ኋላ ሄዱ፤ በየጎናቸው ግን ወንድ የለም። ብርሃኑ ሚዜ አልተካም፤ ለምነውት እንቢ አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው የቦታውን ባዶነት አየ፤ ከዚያ ዘፋኙ ጀመረና ተረሳ። ሴቶች እየመጡ «ይህን የመሰለ ጨርቅ ከየት አገኘሽው?» ሲሉኝ ዋሉ። ጓድ ቢተውም ተጠርቶ ነበር። መጣ፣ በላ፣ መረቀ። ሎሚ የእጅ ውሃ አስታጠበችው።

ዓለም ስትሸኝ አላለቀስኩም። እማዬ ግን እጄን ይዛ «አሁን አንቺ ትቀሪያለሽ» አለችኝ። ስለ ትዳር ማለቷ ይሁን ስለ ቤቱ አልጠየቅኋትም።

ጥር 30፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ አንዲት ሴትዮ በራችን ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ። እግሯ አቧራ ለብሷል፤ ጉልበቷ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ስታየኝ ተነሳች።

«አፀደ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«የላጲሶ እናት ነኝ። ልጄ ደብዳቤ መጻፍ ተወ። ከዚህ አገር የማውቀው ያንቺን ቤት ብቻ ነው።»

አስገባኋት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ጥቂት ነው፣ ግን የምትለውን ታውቃለች። ከጉያዋ ደብዳቤ አወጣች፤ ከማጠፍ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። እሷ አታነብም፤ አገር ቤት ጎረቤት ነው ያነበበላት። «አንቢልኝ። ካንቺ አፍ ልስማው» አለችኝ።

ታኅሣሥ 2 ቀን የተጻፈ ነው። የሴቶቹ ልክ በተወሰደ ማግስት። «እናቴ ሆይ፣ የጓደኛዬ ሠርግ እንዳለፈ አንድ ሰው ይዤልሽ እመጣለሁ። አፀደ ትባላለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች ብለሽ እንዳታስቢ፤ ብታያት ትወጃታለሽ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም። ምናልባት ብታጪኝ፣ አድራሻዋ ይኸውልሽ።»

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። በትልልቅ ቃላት ብሸሽግ አይገባትም፤ ስለዚህ መሸሸጊያ አልነበረኝም። ቀበሌ ስም ጠየቀኝ። ስሙን ጻፍኩ፤ የሁለት ጓደኞቹንም። ከዚያ መጥተው ወሰዷቸው።

«ስሙን ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«የሚተኛበትን ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ለምን?»

«ለልብስ። ለእኅቴ ሠርግ ልብስ።»

ደብዳቤውን አንስታ አጠፈችው፤ ጉያዋ ከተተችው። ሳነብላት ይዛው የነበረውን እጄን መቼ እንደለቀቀችው አላየሁም። ከአግዳሚው ተነስታ ወዲያ ጫፍ ተቀመጠች። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። የዓለምን አልጋ አነጠፍኩላት። አልተኛችበትም፤ እንደተቀመጠች ነጋ።

የካቲት 1፣ ረቡዕ

ጠዋት ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን አስተካከለች። የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«ሌሎቹ ልጆች ሰው የላቸውም?» አለችኝ።

«ቶሌሳ አባትና እኅት አለው። ኣምደሚካኤል እኅት አለችው።»

«ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ተነሺ።»

«ብቻዬን እሄዳለሁ፤ እርስዎ ይረፉ» አልኳት።

«ብቻሽን ከሄድሽ ከመንገድ ትመለሻለሽ» አለችኝ።

የኣምደሚካኤል እኅት በሯን አልከፈተችም፤ ሥራ ሄዳ ነው አሉን። በእርሻው መሐል በእግር ወደ ገርጂ ወጣን። ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ተራቁቷል፤ አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የላጲሶ እናት ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሦስቱንም ጊዜ ጠበቀችኝ።

የሎሚ አባት አቶ ሆርዶፋ አጥር እየጠገኑ ነበር። እንግዳ ሲያዩ ሎሚን ጠርተው በርጩማ አስወጡልን። ቆሜ ነገርኳቸው። ሎሚ ለአባቷ በኦሮምኛ መተርጎም ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ ተወችው። እሳቸውም አልጠየቋትም፤ ገብቷቸዋል።

«ልኬ ሲወሰድ ታውቂ ነበር?» አለችኝ ሎሚ።

«ያኔ አላውቅም ነበር።»

«ሲጠብልኝስ?»

«አዎ። ያኔ አውቅ ነበር።»

ወደ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ግን አልተመለሰችም።

አቶ ሆርዶፋ እጃቸው ላይ የቀረውን ጭራሮ መሬት ላይ አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ።

«ሰውዬው ዘንድ ተመልሰሽ ሄደሽ ነበር?»

«አዎ። ለምኜዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ዕድሜውን ተሳስቻለሁ ብዬ። ሠላሳ ሁለት ነው ብዬ…»

«ቶሌሳ ሃያ ሁለት ነው።»

«የላጲሶን ነው» አልኩ። «ስለ ላጲሶ ነበር የለመንኩት።»

«ስለ ልጄስ?»

ስለ ቶሌሳ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር። ስለ ኣምደሚካኤልም። በዚህ ሁሉ ሌሊት ራሴን ስከስስ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየኝም። የላጲሶ እናት ቀና ብላ አየችኝ፤ በእሷም ፊት ለልጇ ማዳላቴ አላዳነኝም።

አቶ ሆርዶፋ ገብተው ጋቢያቸውንና በትራቸውን ይዘው ወጡ። «እንሂድ» አሉ። ሌላ አላሉም።

ቀበሌ የደረስነው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ጸሐፊው ስብሰባ አለ ብሎ ሊመልሰን ሲሞክር ሽማግሌው በትራቸውን በበሩ አግድም አደረጉና ቆሙ። ገባን። ጓድ ቢተው ከወረቀቱ ቀና ብሎ ሦስታችንን በየተራ አየ።

«ደግሞ ምን ነበር?» አለኝ።

ሁለቱ ግራና ቀኜ ቆመዋል፤ ማንም አልነካኝም፣ ማንም አላበረታታኝም።

ከቶሌሳ ጀመርኩ።